ዝምታን የሰበረው የኳስ ተጫዋች፤ የማይክል ሎንግ ታሪክ

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። ዳግመኛም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። እነዚህ ሁለት ምሳሌዎች ጎን ለጎን ሲሰሙ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በየጊዜያቸው እውነት ናቸው። የአስተዋይ ሰው ጥበብ የሚገለጠው ዝም የሚባልበትን ቀንና የሚነገርበትን ቀን ለይቶ በማወቁ ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች የሚጽፉ ጓደኞቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ እኛ ደግሞ የአንድ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ለመጻፍ መርጠናል። ይህም ሰው ማይክል ሎንግ የተባለው አውስትራልያዊ ነው። በሜዳ ላይ በእግሩና በእጁ ያደረገው ነገር ታላቅ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ አንድ ቀን «ዝም አልልም» ማለቱ አገሩን የበለጠ እንደ ጠቀመ ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

በመጀመሪያ የጨዋታው ጠባይ ይታወቅ ዘንድ ጥቂት እንናገራለን። የአውስትራልያ እግር ኳስ እኛ በየሰፈሩ የምንጫወተው እግር ኳስ አይደለም። የተወለደው በሜልቦርን ከተማ ሲሆን የመጀመሪያው ደንብ የተጻፈው በ1859 ነው። ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ ከ135 እስከ 185 ሜትር፥ ስፋቱ ከ110 እስከ 155 ሜትር ይሆናል። ኳሱም እንደ ሜዳው ሞላላ ነው። በያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱን በእግር መለጋትም በእጅ መያዝም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ለጓደኛው በእጁ ለማቀበል የሚፈልግ ሰው መወርወር አይችልም፤ በአንድ እጁ ይዞ በሁለተኛው እጁ ጡጫ መምታት አለበት። ኳሱን ይዞ የሚሮጥ ሰውም ቢያንስ በየ15 ሜትሩ መሬት ማንጠር ወይም መሬት ማስነካት ግዴታው ነው። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ተተክለዋል። ኳሱ በእግር ተለግቶ በሁለቱ መካከለኛ ቋሚዎች መካከል ሲያልፍ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ በዳርና በዳር ባሉት በኩል ቢያልፍ ግን 1 ነጥብ ብቻ ነው።

በዚህ ጨዋታ እጅግ የሚደክሙት የመሐል ሜዳ ተጫዋቾች ናቸው። ዳኛው ኳሱን በመካከል ወደ ላይ ሲወረውር ተሽቀዳድመው የሚያነሡት እነርሱ ናቸው፤ ለአጥቂዎች የሚያቀብሉትም እነርሱ ናቸው፤ ወገናቸው በተጠቃ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው የሚከላከሉትም እነርሱው ናቸው። በአንድ ጨዋታ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣሉ። ስለዚህ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ሳንባው የማይደክም፥ ዐይኑ ፈጣን፥ ልቡም ደፋር መሆን አለበት። ማይክል ሎንግ የተጫወተው በዚህ ስፍራ፥ ከሁሉ ይልቅ በመሐል ሜዳው ክንፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ ትውልዱ እንሂድ። በአውስትራልያ ምድር እንግሊዞች በ1788 መጥተው ከመስፈራቸው በፊት በብዙ አሥር ሺሕ ዓመታት የሚቈጠር ዘመን የኖሩ ጥቁር ሕዝቦች አሉ። እነዚህ የአገሩ ባለቤቶች መሬታቸውን ተነጥቀው፥ በብዙ ዘመን በገዛ አገራቸው እንደ እንግዳ ተቈጠሩ። በአገሩ ሕዝብ ቈጠራ ገብተው እንዲቈጠሩ የተወሰነው እንኳ በ1967 በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ ነው። በኳስ ሜዳም የደረሰባቸው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከነርሱ ወገን የሆኑት ዳግ ኒኮልስ በወጣትነታቸው በካርልተን ቡድን ለመጫወት ሄደው ቆዳቸው ጥቁር ስለ ነበረ ሳይቀበሏቸው ቀሩ። በኋላ ግን ከ1932 ጀምሮ በፊትዝሮይ ቡድን ውስጥ ስመ ጥሩ ሆኑ፤ ከዚያም ቄስ፥ በመጨረሻም በ1976 የደቡብ አውስትራልያ ገዢ ለመሆን በቁ። ይህን የምናነሣው ሎንግ ወደ ሜዳ በገባ ጊዜ የቆየ ታሪክ ከኋላው እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

በነዚህ ሕዝቦች ላይ ከተፈጸመው በደል ሁሉ የከፋው ልጆችን ከወላጆች መንጠቅ ነበር። በተለይ ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ የመንግሥት ሹማምንት ሕፃናትን፥ ይልቁንም ከነጭና ከጥቁር የተወለዱትን፥ ከእናቶቻቸው ጉያ እየወሰዱ በየሚስዮኑና በየማሳደጊያው ያስገቧቸው ነበር። በ1997 ስለዚህ ነገር የተጻፈው የመንግሥት ምርመራ እንደሚያስረዳው፥ በዚያ ዘመን ከ10 ልጆች አንዱ፥ ወይም ከ3 ልጆች አንዱ እስኪሆን ድረስ ተወስደዋል። እነዚህ ልጆች ዛሬ «የተሰረቁት ትውልዶች» ተብለው ይጠራሉ። የማይክል ሎንግ አባትና እናትም ከነዚሁ ወገን ናቸው። ሁለቱም በሕፃንነታቸው ከቤተ ሰቦቻቸው ተወስደው ከአገሩ በስተሰሜን በባሕር ውስጥ በሚገኙት በቲዊ ደሴቶች በሚስዮን አደጉ።

እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ይህን ስናነብ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ለኛ ሚስዮን ማለት አባትና እናታችን በፈቃዳቸው፥ እጃችንን ይዘው፥ ፊደል እንድንቈጥር ያስገቡን ቤት ነው፤ ሲመሽም ወደ እናታችን ቤት እንመለሳለን፤ አዳሪ የሆነውም በዕረፍት ጊዜ ወደ አገሩ ይሄዳል። ለነዚያ ልጆች ግን ያው ቃል፥ ያው የጸሎት ደወል፥ እናትን ዳግመኛ አለማየት ማለት ነበር። በጎ ሥራ ሁሉ በጎ የሚሆነው ከፈቃድ ጋር ሲሆን ነው፤ ፍቅር የሌለበት ምጽዋት እንደማይጠቅም ቅዱስ መጽሐፍም ያስተምረናል።

ማይክል ሎንግ የተወለደው በኦክቶበር 1 ቀን 1969 በዳርዊን ከተማ ነው። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞቱበት። በዳርዊን «ቅድስት ማርያም» የሚባል የኳስ ቡድን አለ፤ ይህ ቡድን በ1952 የተመሠረተው ከቲዊ ደሴቶች ወደ ከተማው ለሥራ የመጡት ሰዎች የሚጫወቱበት ስፍራ እንዲያገኙ ነው። ወጣቱ ሎንግ የኳስን ጥበብ የተማረው በዚህ ቡድን ነው። በ1988 አገሩን ሰሜናዊ ግዛትን ወክሎ በአዴሌይድ ከተማ በተደረገው የክፍላተ ሀገር ውድድር ተሰልፎ፥ ገና በ18 ዓመቱ ከመላው አውስትራልያ ምርጥ ተጫዋቾች መካከል ተቈጠረ። ይህ ዕድሜ የኛ ዕድሜ መሆኑን ስናስብ መደነቃችን አልቀረም። በዚያው ዓመት በአዴሌይድ ለዌስት ቶረንስ ቡድን ከተጫወተ በኋላ፥ በ1989 የሜልቦርኑ ዕውቅ ቡድን ኤሰንደን ወሰደው። ቁጥሩም 13 ነበር። በብዙ አገር ሰዎች 13ን የክፉ ዕድል ቁጥር ነው ብለው ይሸሹታል፤ እርሱ ግን 13 ዓመት ሙሉ ለብሶት ተጫውቷል።

አሠልጣኙ ኬቪን ሺዲ ከሩቅ አገር የመጡትን ወጣቶች በማመን የታወቀ ሰው ነበር። በ1993 ኤሰንደን በአብዛኛው በልጅ እግር ተጫዋቾች የተሞላ ስለ ነበረ «ሕፃናቱ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ለፍጻሜ ለማለፍ ከአዴሌይድ ቡድን ጋር በተጋጠመ ጊዜ እስከ ዕረፍት ድረስ በ42 ነጥብ ተመርቶ ነበር፤ ነገር ግን ከዕረፍት በኋላ ተነሥቶ አሸነፈ። በሴፕቴምበር ወር መጨረሻ ከካርልተን ጋር በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ማይክል ሎንግ በመሐል ሜዳው ላይ የፈለገውን አደረገ። በመጀመሪያው ሩብ ጊዜ ኳሱን ይዞ እያነጠረ፥ ተከላካዮችን እያለፈ ሮጦ ያገባው ጎል እስከ ዛሬ ድረስ በአውስትራልያ ሰዎች አፍ ይነገራል። በዚያ ቀን 33 ጊዜ ኳስ አቀበለ፥ 2 ጎልም አገባ፤ ኤሰንደንም 133 ለ89 ረታ። ሎንግ የፍጻሜው ቀን ብልጫ ላሳየ ተጫዋች የሚሰጠውን የኖርም ስሚዝ ሜዳልያ ተቀበለ። ሜዳልያውን በአንገቱ ያጠለቀለትም በ1982 ይህንኑ ሜዳልያ ያገኘው የቲዊ ደሴቶች ተወላጅ ሞሪስ ሪዮሊ ነበር። ያ ዓመት በዓለም መንግሥታት ድርጅት ዘንድ የነባር ሕዝቦች ዓመት ተብሎ የተሰየመ ስለ ነበረ፥ ሁለቱ ሰዎች በአንድ መድረክ ላይ መታየታቸው ለወገኖቻቸው ልዩ ደስታ ሆነ።

ነገር ግን ክብር ሁሉ እንባን አይጠርግም። ጥቁር ተጫዋች በሜዳ ላይ ብዙ ጊዜ በቆዳው ይሰደብ ነበር፤ ተመልካቹም ይሰድበዋል፥ ተጋጣሚውም ይሰድበዋል። በዚያ ዘመን የተጫዋቾች ያልተጻፈ ሕግ «በሜዳ የተነገረ በሜዳ ይቅር» የሚል ነበር። የተሰደበው ሰው ከሰሰ እንደ ሆነ አልቃሻ ይባላል፤ ስለዚህ ብዙዎች ስድቡን ውጠው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። በ1993 ኤፕሪል ወር የሴይንት ኪልዳ ተጫዋች ኒኪ ዊንማር በኮሊንግዉድ ሜዳ ተመልካቾች ቀኑን ሙሉ ሲሰድቡት ውለው፥ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማልያውን ገልጦ ወደ ጥቁር ሆዱ በጣቱ አመለከተ። በመልኩ የሚኮራ መሆኑን በዚህ ምልክት ገለጠ። ፎቶግራፉም በመላው አገር ታየ። ሆኖም ፎቶግራፍ ሕግ አይደለምና ስድቡ አልቆመም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ የሎንግ ቀን ደረሰ። በኤፕሪል 25 ቀን አውስትራልያውያን በ1915 በጋሊፖሊ የወደቁትን ወታደሮቻቸውን ያስባሉ። በ1995 በዚህ ቀን ኤሰንደንና ኮሊንግዉድ በሜልቦርን ታላቁ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የመታሰቢያ ጨዋታ አደረጉ። 94,825 ሰዎች ተመለከቱ፤ ጨዋታውም 111 ለ111 እኩል ለእኩል አለቀ። በዚህ ጨዋታ መካከል የኮሊንግዉድ ተጫዋች ዴሚየን ሞንክሆርስት ሎንግን በዘሩ ሰደበው። ሎንግ ዝም ብሎ አላለፈም፤ ነገሩን ለአገሩ የእግር ኳስ ማኅበር አመለከተ።

ማኅበሩ ሁለቱን ሰዎች ጠርቶ አነጋገረ፤ ከዚያም ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ነገሩ በዕርቅ አልቋል ለማለት ፈለገ። ነገር ግን በጋዜጠኞቹ ፊት በአደባባይ ይቅርታ አልተጠየቀም፥ ቅጣትም አልተወሰነም። ሎንግ በዚያ ወንበር ላይ ፊቱ ጠቁሮ መቀመጡን ሕዝቡ ሁሉ አየ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፥ ሸንጎው ነገሩን ለመርሳት ቸኩሎ ነበር፤ የተወጋው ግን አልረሳም። ይህን ያህል ስመ ጥር የሆነ ሰው፥ ሜዳልያ በአንገቱ ያጠለቀ ሰው፥ ቢሰደብ እንኳ ዳኝነት ካላገኘ፥ ከገጠር የመጣው ስሙ ያልታወቀ ልጅ ምን ተስፋ ይኖረዋል? የነገሩ ፍሬ ይህ ነበር። ስለዚህ ሎንግ አቤቱታውን ቀጠለ፤ ሌሎችም ከነባሩ ሕዝብ የተወለዱ ተጫዋቾች ከጎኑ ቆሙ።

በመጨረሻም በዚያው ዓመት አጋማሽ ማኅበሩ አዲስ ደንብ አወጣ። ደንቡም ማንኛውንም ሰው በዘሩ፥ በቀለሙ፥ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ መሳደብን የሚከለክል ነው። አቤቱታ ሲቀርብ በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ፊት በምስጢር ይነጋገራሉ፤ ዕርቅ ካልተገኘ ግን ነገሩ ወደ ዳኞች ይሄዳል። ከዚህም ጋር ተጫዋቾች ሁሉ ስለ ነባሩ ሕዝብ ታሪክ ትምህርት እንዲሰጣቸው ተደረገ። በዚህ ሥርዐት ውስጥ የምናደንቀው ነገር፥ ዕርቅን አስቀድሞ ፍርድን ማስከተሉ ነው። ሽምግልናን የምናውቅ እኛ ይህን ለመረዳት አይቸግረንም፤ ዕርቅ ያለ እውነት እንደማይጸናም እናውቃለን። ሞንክሆርስትም ቆይቶ ጥፋቱን አምኖ ተጸጸተ፤ ከሎንግም ጋር ታረቁ።

ከዚህ በኋላ ሎንግ መጫወቱን አልተወም። ጉልበቱ እየተጎዳ ብዙ ጊዜ ከሜዳ ውጭ ቢያሳልፍም፥ በ1995 እንደገና ከመላው አገር ምርጦች አንዱ ሆነ፤ በ1999ም የቡድኑ አምበል ሆነ። በ2000 ኤሰንደን በዓመቱ ውስጥ አንድ ጨዋታ ብቻ ተሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ በፍጻሜውም ሜልቦርንን 135 ለ75 አሸነፈ። ታሪክ ጸሐፊ እውነቱን መደበቅ ስለማይገባው፥ በዚያ ቀን ሎንግ አንዱን ተጋጣሚ በኃይል ገፍቶ እንደ ጎዳውና ስለዚህም እንደ ታገደ እንጽፋለን። ጀግና ማለት እንከን የሌለው ሰው ማለት አይደለም። በ2001 ጨዋታውን ሲያቆም ለኤሰንደን 190 ጊዜ ተሰልፎ 143 ጎል አግብቶ ነበር። በ2007 ስሙ በአውስትራልያ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ላይ ተጻፈ።

ብዙ ተጫዋቾች ማልያቸውን ካወለቁ በኋላ ታሪካቸው ያልቃል፤ የሎንግ ግን በእግር መንገድ ቀጠለ። በዚያ ዘመን የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ለተሰረቁት ልጆች በመንግሥት ስም ይቅርታ ለመጠየቅ አልፈቀዱም ነበር። በ2000 መንግሥታቸው የተወሰዱት ልጆች «ትውልድ» የሚባሉ አይደሉም ብሎ በተከራከረ ጊዜ፥ ሎንግ ስለ እናቱና ስለ አባቱ በጋዜጣ ብርቱ ደብዳቤ ጻፈ። በ2004 ኖቬምበር ወር ደግሞ ከሜልቦርን ተነሥቶ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለማነጋገር ወደ ዋና ከተማው ወደ ካንቤራ በእግሩ መጓዝ ጀመረ። የመንገዱ ርቀት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከወገኖቹ መካከል በየጊዜው የሚሞተው ሰው በዝቶበት፥ ከቀብር ወደ ቀብር መመላለስ ልቡን ሰብሮት ነበር፤ ለሕዝቡ የሚገባው ፍቅር ወዴት እንዳለ ለመጠየቅ ነበር የሄደው። በመንገድም ብዙ ሰዎች፥ ነጭም ጥቁርም፥ ተከተሉት። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሊያነጋግሩት ፈቀዱ፤ በዲሴምበር ወር መጀመሪያ በካንቤራ ተገናኙ። ያ ጉዞ «ረጅሙ ጉዞ» ተብሎ ተጠራ፤ ይህም ስም የሎንግን የቤተ ሰብ ስም ጭምር ይዟል፤ ሎንግ ማለት በእንግሊዝኛ ረጅም ማለት ነውና። ከ2005 ጀምሮ ኤሰንደንና ሪችመንድ በየዓመቱ ለነባሩ ሕዝብ ክብር በሚያደርጉት ጨዋታ ዕለት ሕዝቡ ጉዞውን በማሰብ በእግሩ ወደ ሜዳው ይሄዳል። በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በምክር ቤት ቆመው ለተሰረቁት ትውልዶች በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር በዚህ ተፈጸመ ብለን አንባቢን አናታልልም። ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የተባለውና በ2014 የአውስትራልያ የዓመቱ ሰው ሆኖ የተመረጠው አዳም ጉድስ፥ ስለ ዘር ስድብ በመናገሩ ተመልካቾች በየሜዳው እየጮኹ ስላዋረዱት በ2015 ከጨዋታ ወጣ። የእግር ኳስ ማኅበሩ ለእርሱ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነው። በ2023ም ሎንግ ዕድሜው ከ50 ዓመት ካለፈ በኋላ፥ ነባሩ ሕዝብ በሕገ መንግሥቱ የታወቀ የምክር ድምፅ እንዲኖረው ለመደገፍ ከሜልቦርን እስከ ካንቤራ እንደገና በእግሩ ተጓዘ። በኦክቶበር 14 ቀን በተደረገው የሕዝብ ውሳኔ ግን ከመቶ 60 ያህሉ «አይሆንም» ብለው ድምፅ ስለ ሰጡ ሐሳቡ ወደቀ። ስለዚህ ደንብ የሰውን አፍ ሊከለክል ይችላል፤ የሰውን ልብ ለመለወጥ ግን ረጅም ዘመን ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? አንደኛ፥ ሎንግ ስድብን በስድብ፥ ጡጫንም በጡጫ አልመለሰም፤ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛው ሕግ ባይኖረው፥ ሕግ እንዲወጣ ጠየቀ። ሁለተኛ፥ የተናገረው ለራሱ ብቻ አይደለም። እርሱ ዋንጫም ሜዳልያም ነበረው፤ ዝም ቢል የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። የሚጎድልባቸው ከኋላው የሚመጡት ልጆች ነበሩ። ዛሬ በዳርዊን በስሙ የተጠራ የትምህርት ማእከል አለ፤ ከሩቅ መንደር የሚመጡ ልጆች በዚያ እያደሩ ትምህርትንና ኳስን አንድ ላይ ይማራሉ። ሦስተኛ፥ ሰውን በትውልዱ ወይም በመልኩ መሳደብ ጨዋታ ወይም ቀልድ ተብሎ የሚታለፍ ነገር አለመሆኑን ያስረዳናል። ይህ በሜልቦርን ሜዳ ብቻ የሚሠራ ትምህርት አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ ሜዳ፥ በየክፍሉና በየመኝታ ቤቱ ይሠራል።

እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ኳሱንና ሜዳውን ለታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ትተን እንሄዳለን። ለነርሱ የምንመኘው ዋንጫን ብቻ አይደለም፤ ከመካከላቸው አንዱ በተሰደበ ጊዜ ስድቡን ብቻውን ውጦ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ምሳሌ ለብዙ ነገር መልካም ምክር ነው፤ የሰው ክብር በተነካ ቀን ግን፥ ዝምታም ይነቅዛል።